የተማሪዎች የእሽቅድድም መኪና የቴክኒክ ደንብን ወደ መለኪያ ሠንጠረዥ መቀየር

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው በሠሩት መኪና የሚወዳደሩባቸው የፎርሙላ ኤስኤኢ ወይም የፎርሙላ ስቱደንት ውድድሮች ደንብ ከመቶ ገጽ በላይ ነው። ሁሉም የቡድን አባል ከዳር እስከ ዳር ያንብበው ማለት አይሠራም፤ ፍሬም የሚበይደው ሰው የባትሪውን ምዕራፍ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ቡድኖች ማጠቃለያ ያዘጋጃሉ። ሲያሳጥሩ ግን ቁጥሩን ይይዙና ቁጥሩ የሚለካበትን ሁኔታ ይጥላሉ። መኪናው ፍተሻ ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ በተጣለው ነገር ነው።

መጀመሪያ ምንጩን አስተካክሉ። የምትወዳደሩበትን ውድድር የዘንድሮ ደንብ አውርዱ፣ የእትሙን ቁጥር ሠንጠረዡ አናት ላይ ጻፉ። ሁለቱ ውድድሮች ዘመዳሞች ቢሆኑም ደንባቸው አንድ አይደለም፤ በየዓመቱም የአንቀጽ ቁጥር ይቀያየራል። የአምናውን ማጠቃለያ ቀጥታ መገልበጥ ትልቁ ወጥመድ ነው። እዚህ የተጠቀሱትንም ቁጥሮች ከራሳችሁ እትም ጋር አመሳክሩ።

ቀጥሎ አንቀጾቹን በትኑ። አንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስት አራት ግዴታ ይታጨቃል፤ ለእያንዳንዱ ግዴታ አንድ ረድፍ ስጡ። ረድፉ የአንቀጹን ቁጥር፣ ግዴታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የመለኪያ መሣሪያውን፣ በመለካት ጊዜ መኪናው ያለበትን ሁኔታ፣ ኃላፊውን ሰውና የተለካውን ውጤት ይይዛል። ዋናው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ክርክር ሲነሳ የሚዳኘው እሱ ነው። ግዴታንና ምክርን በተለያየ ቀለም ለዩ።

የሁኔታው ዓምድ ምን ያህል እንደሚለውጥ ተመልከቱ። በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት ቢያንስ 1525 ሚሜ ነው፤ የሚለካው ግን የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ጎማው መሬት ከሚነካበት መሃል ነው። ሹፌሩ በ5 ሰከንድ መውጣት አለበት ሲባል ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ከተቀመጠበት ይጀመራል። በማጋደያው (መኪናውን ወደ ጎን በሚያዘነብለው የፍተሻ ጠረጴዛ) ላይ 45 ዲግሪ ሲደርስ ፈሳሽ መንጠባጠብ፣ 60 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ መገልበጥ የለበትም፤ ያውም ረጅሙ ሹፌር ተቀምጦበት። ባዶ መኪና አጋድሎ «አልፈናል» ማለት ምንም አያረጋግጥም። የድምፅ ወሰኑም 110 ዲቢሲ (ወፍራም ድምፅንም የሚቆጥር የዲሲቤል ልክ) ነው፤ በዲቢኤ የሚለካ የስልክ መተግበሪያ ወፍራሙን የማርሚታ ድምፅ አሳንሶ ስለሚያሳይ አትመኑት።

አየር ማጥበቢያው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚገድበው ጠባብ ቀዳዳ፣ ላይ ትንሽ እንቆይ። ማጠቃለያዎች «20 ሚሜ» ብለው ያልፉታል። ደንቡ ግን ብዙ ነገር ይጠይቃል፦ ቀዳዳው ክብ ይሁን፣ በቤንዚን ከ20 ሚሜ፣ በኢ85 (ባብዛኛው ኢታኖል በሆነ ነዳጅ) ከ19 ሚሜ አይብለጥ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በሙሉ በእሱ ይለፍ። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከሆነ ቅደም ተከተሉ ስሮትል (የአየሩን መጠን የሚቆጣጠረው በር)፣ ማጥበቢያ፣ ሞተር ነው፤ ቱርቦ ካለው ማጥበቢያ፣ ኮምፕረሰር (የቱርቦው አየር ጨማቂ ክፍል)፣ ስሮትል፣ ሞተር። እንግዲህ ይህ ቢያንስ አራት ረድፍ ነው። ልኩን በተመለከተ ልክ 20.00 ላይ አትቁረጡ። 19.95 ብታደርጉት የምታጡት ስፋት ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ቀዳዳው በመቶኛ ሚሊሜትር ቢሰፋ ግን የፈታሾቹ መለኪያ ዘንግ ይገባና መኪናው አያልፍም። ሁሉም አየር በዚያ ማለፉን ለማወቅ ሞተሩን አስነስታችሁ የአየር መግቢያውን ግጥም አድርጋችሁ ድፈኑ። በእጅ ሳይሆን በጠፍጣፋ ሳህን ድፈኑት፤ ሞተሩ ካልጠፋ የሆነ ቦታ አየር ያስገባል።

ቃላቱ ራሳቸው የሚያከራክሩበት አንቀጽም አለ። የኤሌክትሪክ መኪና የነዳጅ ፔዳል ሁለት ሴንሰሮች ንባብ ከ10 በመቶ በላይ ተለያይቶ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ከቆየ የሞተሩ ኃይል ወዲያው መቋረጥ አለበት። 10 በመቶ የምን? የፔዳሉ ጉዞ። አንዱ 20 ሌላው 29 በመቶ ቢያነብ ልዩነቱ 9 ነው፣ ያልፋል። ኮዱን የጻፈው ሰው 9ን ለ20 ካካፈለ 45 በመቶ ያገኝና መኪናው ያለምክንያት ይቆማል። ቮልቱን በቀጥታ ማወዳደርም ስህተት ነው፤ የሁለቱ ሴንሰሮች ቮልት ከፔዳሉ ጉዞ ጋር የሚሄድበት መንገድ ይለያያል፤ ስለዚህ ሁለቱንም መጀመሪያ ወደ ፔዳል ጉዞ በመቶኛ ቀይሩ። ሌላም ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ፤ የሚቋረጠው ለሞተሩ የሚሄደው ኃይል ነው፣ ከፍተኛ ቮልቴጁን በሙሉ መዝጋት ግዴታ አይደለም። እንዲህ ያለውን ረድፍ በቁጥር ምሳሌ ጻፉት፤ አንድ የሚያልፍ፣ አንድ የሚወድቅ።

የብሎንና የዳዶ ረድፎች አጭር ናቸው፦ ወሳኝ ቦታ ላይ ቢያንስ 8.8 የጥንካሬ ደረጃ ያለው ብሎን፣ መቆለፊያ ያለው ዳዶ፣ ከዳዶው ያለፈ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ጥርስ። ናይለን ያለው ዳዶ ሙቀት ካለበት ራቅ ይበል።

ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ራሱ አይለካበት። ደንቡን ላላነበበ አባል መለኪያና ወረቀት ስጡት፤ «ይሄን ከየት ነው የምለካው?» ብሎ ከጠየቀ ረድፉ ገና አልጠራም ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት ትርጉም የሚሰጥ አንቀጽ ከቀረ ለእናንተ የሚመቸውን አትምረጡ። በፎርሙላ ኤስኤኢ የደንቡን መንፈስ መጣስ ደንቡን እንደመጣስ ይቆጠራል። ለደንብ ኮሚቴው ጻፉ፦ የአንቀጹን ቁጥር፣ ልኬት ያለበት ስዕል፣ እናንተ የተረዳችሁትን፣ በመጨረሻም አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚመለስ አንድ ጥያቄ። «ይህ ዲዛይን ደንቡን ያሟላል?» ብሎ ሙሉ መኪና መላክ መልስ አያስገኝም። ጥያቄው የፍሬሙ ቱቦ ከመቆረጡ በፊት ይሂድ፤ መልሱ ሲመጣ ረድፉ ላይ አስገቡና አትማችሁ ወደ ፍተሻው ይዛችሁ ሂዱ።