«ፒዲኤፉ ሳጥን ሳጥን አለብኝ»

የኅትመትና የጥረዛ ጽሕፈት ቤታችን ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ነው። ሰኔ ሲመጣ ሰልፉ አስፋልቱን ይነካል። ሁሉም ፍላሹን ይዞ ይመጣና «ሪደሩ ተበላሽቷል፣ ሌላ ጫንልኝ» ይለኛል፤ ሪደር የሚለው ፒዲኤፍ የሚከፍትበትን ፕሮግራም ነው። አልጭንም። መጀመሪያ የማየው ፋይሉን ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

አማርኛው ሳጥን ሆኖ ወይም ተዘባርቆ ሲመጣ

የኔ እንጀራ ይሄ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛው ደህና፣ ቁጥሩ ደህና። አማርኛው ጋ ሲደርስ ባዶ ሳጥን ይደረደራል፤ ወይ ነጠብጣብ፣ ወይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው፣ ፒዲኤፉ ውስጥ አልገባም። ፒዲኤፍ ፎንቱን ከጽሑፉ ጋር አብሮ መያዝ ይችላል፤ ግን ሁሌም አይዝም። ካልያዘ ሪደሩ ኮምፒውተሩ ላይ ይፈልጋል። ካጣ ደግሞ የመሰለውን ይተካበታል። ያዘጋጀው ሰው ጋ ሁሌም አምሮ የሚከፈተው ለዚህ ነው፤ ፎንቱ እሱ ጋ አለ። «እኔ ጋ እኮ ይከፍታል!» የምትለውን ንግግር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ መመረቂያ ጽሑፏን ልታስጠርዝ መጣች። ማስረከቢያው በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ነው። ሌሊቱን አራት ሪደር ስትጭን አድራለች። አንደኛው ሲጫን ምልክቱን ሳታነሳ «ኔክስት» እያለች ስላለፈች ሌላ ፕሮግራም ጎትቶ አስገብቶባታል። ላፕቶፑ ይንፏቀቃል። «ዎርዱ የት አለ?» አልኳት። «ያስተየብኩበት ቤት።» ደወልን። ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል፤ ቤቱ ዝግ ነው። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። በመጨረሻ ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው ዎርድ ትዝ አላት። ከዚያ በኋላ አምስት ደቂቃም አልፈጀብን።

እንዲህ ነው የምታዩት። አዶቤ ሪደር ላይ ኮንትሮልንና «D»ን አብራችሁ ተጫኑ፣ «ፎንትስ» የሚለውን ክፈቱ። ከፎንቱ ስም አጠገብ «ኢምቤድድ» ወይም «ኢምቤድድ ሰብሴት» ካለ ገብቷል። ስሙ ብቻውን ከቆመ አልገባም። ክሮም ላይ ይህን ዝርዝር አትፈልጉ፤ የለም።

መፍትሄው ወደ ዎርዱ መመለስ ነው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍ ምረጡ፤ ግን ወዲያው ሴቭ አታድርጉ። «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ፒዲኤፍ/ኤ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ ሰነድን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት የወጣ ደረጃ ነው፤ ፎንቱ የግድ አብሮ እንዲገባ ይጠይቃል። እዚያው አካባቢ «ቢትማፕ ቴክስት» ብሎ የሚጀምር ምርጫም አለ። አብሮ እንዳይገባ በሠሪው የተከለከለ ፎንት ሲያጋጥም ጽሑፉን ሥዕል ያደርገዋል። ይታያል፣ ይታተማል፤ ኮፒ ግን አይደረግም።

ከዚያ ስልካችሁ ላይ ክፈቱት። ያስተየባችሁበት ፎንት ስልካችሁ ላይ ስለሌለ ስልኩ አይዋሽም። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይታችሁ ደግሞ አትሂዱ። ሰንጠረዡንና የግርጌ ማስታወሻውን እዩ። አንዳንድ ታይፒስት በየምዕራፉ ፎንት ይቀያይራል፤ ጉዱ የሚወጣው እዚያ ነው።

ዎርዱ ጨርሶ ከሌለ፣ ከዝርዝሩ ላይ የፎንቱን ስም አይታችሁ ያንኑ ፎንት ጫኑ። አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ፎንቱን ግን ከምታውቁት ሰው ውሰዱ። ከየትም የወረደ «ነፃ ፎንት» ቫይረስ ይዞ ሲመጣ ስንቴ አይቻለሁ።

ለዓይን ደህና ሆኖ ኮፒ ሲደረግ የሚዘባረቅ

ይህ ብዙ ጊዜ የድሮ ፎንት ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የግዕዝን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ፎንቶች የሚቀመጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ቦታው 256 ብቻ ነው። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ያውም ዲቃላውና ቁጥሩ ሳይቆጠር። ስለዚህ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ያካፍሉት ወይም ቅጥሉን ለብቻው ይሠሩት ነበር። ለእናንተ «ሀ» የሆነው ለኮምፒውተሩ የፈረንጅ ፊደል ነው። የትኛውም ሪደር ይህን አያድንም። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም አሳልፉት። ካልሆነ ገጹን እንደ ሥዕል ወስዳችሁ በጽሑፍ ለቃሚ አስነብቡት፤ ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያውቃል። ሲጨርስ ግን አርሙት! «ለ»ን «ሰ»፣ «ዐ»ን ዜሮ ያደርጋል። የብር መጠን ያለበትን ሰነድ ሳታርሙ ከላካችሁ እኔ የለሁበትም።

ፍለጋው «የለም» ሲል

ጽሑፉን በማውዝ ምረጡት። አልመረጥ ካለ ስካን ነው፤ የሚፈለግ ፊደል የለውም። ከተመረጠ ደግሞ ፊደላችሁን እዩ። «ሰራተኛ» ብላችሁ «ሠራተኛ» አይገኝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ጸ፣ ፀም እንዲሁ። አንድ ጠበቃ ደንበኛ አሉኝ፤ አዋጅ ውስጥ ቃሉ የለም ብለው ከእኔ ጋር ሊከራከሩ ደርሰው ነበር። «ጋሼ፣ በንጉሡ ሠ ይሞክሩት» አልኳቸው። አሥራ ምናምን ቦታ ተገኘ። እሳቸው እቴ፣ ዝም ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ ኮፒ ስታደርጉ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተደባለቀባችሁ፣ አዶቤ ላይ አልትን ይዛችሁ አንዱን ዓምድ ብቻ ጎትቱ።

ስክሪኑ ላይ ደህና ሆኖ ፕሪንተሩ ካበላሸው፣ ፕሪንት ስትሉ «አድቫንስድ» ውስጥ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚለውን ምረጡ። ይዘገያል፤ ይወጣል ግን።

የትኛውን ሪደር?

ለማንበብ ብቻ ከሆነ ክሮም ይበቃል። ላፕቶፓችሁ ያረጀ ከሆነ ሱማትራ የሚባለውን ሪደር ያዙ፤ ቀላል ነው፣ ነፃ ነው፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚነሣም አለው። አዶቤ ይከብዳል፤ ግን ፎንት ለማየትና ፎርም ለመሙላት አስፈላጊ ነው። የካናዳ ኢሚግሬሽን ፎርም «ፕሊስ ዌት» ብሎ ተገትሮ ከቀረ መጠበቁን ተዉት። ወደ ኮምፒውተሩ አውርዱትና በአዶቤ ክፈቱት፤ በስልክ አትሞክሩት።