ድምፅዎ ሲዘጋ አያንሾካሹኩ

ጉንፋን ይዞት ድምፁ የተዘጋ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉሮሮውን ለማሳረፍ ብሎ በሹክሹክታ ማውራት ይጀምራል። እባክዎን ይህን አያድርጉ። ሲያንሾካሹክ ብዙ ሰው ሳይታወቀው የጉሮሮውን ጡንቻዎች አጥብቆ ይይዛል፤ ያበጡት የድምፅ አውታሮችም አያርፉም። የሚሻለው ዝም ማለት ነው፤ መናገር ግድ ከሆነ ደግሞ በራስዎ ድምፅ፣ ለስለስ አድርገው፣ ባጭሩ።

ሌላው ክፉ ልማድ «እህህ» እያሉ ጉሮሮን መጥረግ ነው። በጠረጉ ቁጥር ሁለቱ አውታሮች በኃይል ይጋጫሉ፤ እብጠቱ ይብሳል፤ እንደገና ጥረግ ጥረግ ይላል። ስሜቱ ሲመጣ ውሃ ፉት ይበሉ ወይም ምራቅዎን ይዋጡ። ይህች ትንሽ ነገር ከብዙ ከረሜላ ትበልጣለች ባይ ነኝ። ሲጋራ ጨርሶ አይቅረብ።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይረዳም፤ በ1 ወይም በ2 ሳምንት በራሱ ይለቃል። ከ3 ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ የሚያጨስ ሰው ከሆነ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ጉሮሮውን በመሣሪያ ሊያይለት ይገባል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ወይም ደም ከታየ ግን ቀን አይቆጠርም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።