«ደገኛ ነን» ብሎ ተራራ ላይ ማደር፦ ተርኮይስ ሌክ ካምፒንግ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰመር ሲገባ ዴንቨርና ኦሮራ ያለው ሀበሻ ይደዋወላል። «ዘንድሮ እንኳን ድንኳን ይዘን ተራራ እንውጣ።» ጥሩ ሐሳብ ነው። ከዴንቨር 100 ማይል ገደማ ከተነዳ ሌድቪል ይደረሳል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ትንሽ ወጣ ሲባል ደግሞ ተርኮይስ ሌክ አለ። ስሙ ሐይቅ ይሁን እንጂ ዛሬ የምናየው የግድብ ውሃ ነው። በ1960ዎቹ የተሠራው ሹገር ሎፍ ግድብ ድሮ የነበረውን አነስተኛ ሐይቅ አስፍቶታል። ዙሪያው የጥድ ጫካ ነው፤ ጫካው ውስጥ የፎረስት ሰርቪስ የካምፕ ቦታዎች ተበታትነዋል። ቀና ስትሉ ከኮሎራዶ ተራሮች አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት ማውንት ኤልበርትና ማውንት ማሲቭ ከዚያው አካባቢ ናቸው።

ብዙዎቻችን ግን ወደዚያ የምንሄደው ዴንቨር መሃል ላለው ዋሽ ፓርክ ባርቤኪው የምንይዘውን ዕቃ ይዘን ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

«ደገኛ ነኝ፣ ከፍታ አይበግረኝም»

በየቡድኑ ይህን የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚያ ያደገ ሰው ለከፍታ እንግዳ አይደለም። ግን ሰውነት የለመደውን ይረሳል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ጥቂት ሳምንታት ከተኖረ ልምዱ ይጠፋል። ዴንቨር «ማይል ሃይ» ተብላ ብትጠራም 1,600 ሜትር ላይ ናት። ተርኮይስ ሌክ ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ይበልጣል፣ ከእንጦጦ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ይላል። ቁርስ በልታችሁ ከተነሣችሁ ለምሳ 1,400 ሜትር ወጥታችኋል ማለት ነው። እንዲያውም በቅርቡ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት እናት፣ ጤናቸው ደህና ከሆነ፣ ከዲሲ ወይም ከዳላስ በሮ ከመጣው ጎረምሳ ይልቅ ሊመቻቸው ይችላል።

የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ ማንንም ሊይዝ ይችላል። ወጣትነት አያድንም፤ በየቀኑ ጂም መመላለስም አያድንም። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ያስጠላል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚብሰው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ሕፃን ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይነግራችሁም። ይነጫነጫል፣ የጎረሰውን ይተፋል፤ እናንተ ደግሞ መንገዱ አድክሞት ነው ትላላችሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ድንኳን መትከያና ማረፊያ አድርጉት። ውሃ ጠጡ። የእግር ጉዞውን ለማግስቱ አቆዩት፤ ቢራውንም እንዲሁ። ከባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ቢያንስ አንድ ሌሊት ዴንቨር ይደር፣ ሁለት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ቁጭ ባለበት ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም የሚቀባጥር ሰው ካለ «እስኪነጋ እንየው» አይባልም። በዚያው ሌሊት ይወረዳል፤ 911 ይደወላል።

የዴንቨርን ሙቀት አይቶ ልብስ መያዝ

አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀዘቅዛል። ጁላይ ላይ ዴንቨር ውስጥ ኤሲ ከፍታችሁ ስትተኙ፣ ሐይቁ ዳር ሌሊቱ ወደ 4 ዲግሪ፣ በፋራናይት ወደ 40 ሊወርድ ይችላል። በሰመር መካከል ጠዋት መኪናው መስታወት ላይ አመዳይ ማየትም አዲስ ነገር አይደለም።

ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመኑት። 40 ፋራናይት የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ «በ40 አትሞትም» ነው፤ «ተመችቶህ ታድራለህ» ማለት አይደለም። ለዚህ ቦታ 20 የሚል ይሻላል። ከሁሉም የሚረሳው ግን የሥሩ ነው። ሰው ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ ደርቦ፣ ከሥሩ ቀጭን የአየር ፍራሽ ብቻ ያነጥፋል። ፍራሹ ውስጥ ያለው አየር ከመሬቱ እኩል ይቀዘቅዛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባውን ሲበላው ያድራል። ለብርድ ተብሎ የተሠራ ምንጣፍ ግዙ። ካልሆነም ከላይ ከደረባችሁት አንዱን ወደ ሥር አውርዱት። ቀን የለበሳችሁትን ላብ የነካው ቲሸርትም ሳትቀይሩ አትተኙ፤ እርጥብ ጥጥ ብርድ ይጠራል።

ብርዱ ሲጠና ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት በፍጹም አይሞከርም። ከሰል ቤት ውስጥ አድሮ ስንት ሰው እንደፈጀ አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ድንኳንም ያው ቤት ነው፤ ዚፑን ትንሽ መክፈት አያድንም።

«ወጡን እዚያው እንሠራዋለን»

3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ምስሩ ግን ጥሬውን ነው። እሳት ብትጨምሩ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፣ የሚያልቀው ጋዙ ነው። ሽምብራና ባቄላማ አይታሰብም። ዶሮ ወጥ እዚያ ልሥራ የሚል ሰው ካለ እራቱን እኩለ ሌሊት ላይ ይበላል።

የሚያዋጣው ወጡን ቤት ጨርሶ መሥራት ነው። በዚፕ ላስቲክ አድርጋችሁ ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ኩለሩ ውስጥ እንደ ጡብ ደርድሩት፤ እስኪቀልጥ በረዶ ሆኖ ያገለግላችኋል፣ ሲቀልጥ ደግሞ እራት ይሆናል። ጥብስ ግን እዚያው ይሠራል። የዘይት ሙቀት ከውሃው ጋር ስለማይያያዝ ከፍታው ምንም አያደርገውም። እንጀራውን በላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፤ የተራራው አየር ደረቅ ነው፣ ለግማሽ ሰዓት ገልጣችሁ ከተዋችሁት ጠርዙ ይኮማተራል።

ለቡናው አትስጉ። ጀበናው ቶሎ ይገነፍላል እንጂ ቡናው ደህና ነው። የቡናው ጣጣ ሌላ ነው፤ ከሥር ነው።

ረከቦትና ከሰል ሣሩ ላይ መዘርጋት

ኮሎራዶ ውስጥ ጫካው ሲደርቅ የእሳት ክልከላ ይወጣል። ከመነሣታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት የትኛው ደረጃ እንደታወጀ እዩ። «ስቴጅ ዋን» ከሆነ እሳት የሚፈቀደው ካምፑ ውስጥ በተተከለው የብረት ቀለበት ውስጥ ብቻ ነው። «ስቴጅ ቱ» ከሆነ እዚያም ውስጥ አይፈቀድም፤ እንጨትም ከሰልም የለም። የሚቀረው በቁልፍ የሚዘጋ የጋዝ ምድጃ ነው።

እኛ ጋ ይህ ሕግ የሚጣሰው በካምፕፋየር አይደለም። በቡና ነው። የከሰል ምድጃዋ ሣር ላይ ትቀመጣለች፣ አጠገቧ ማጨሻው ፍሙን ይዞ ይጨሳል። ማንም «እሳት አነደድን» አይልም፤ ቡና ነው ያፈላነው። ለጫካ ጠባቂው ሬንጀር ግን ያ ክፍት እሳት ነው፤ ቅጣትም ያስከትላል። ከቅጣቱ በላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ያስፈራል። አንዲት ፍንጣሪ የደረቀ የጥድ ቅጠል ላይ ብታርፍ ማን ያቆማታል?

ስለዚህ ቡናውን በጋዝ ቁሉት፣ በጋዝ አፍሉት። ዕጣኑ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ቤት ቢቀር ማንም አይቀየምም። ለጉዝጓዝ ተብሎ ውሃ ዳር ያለውን ሣር መንቀልም ይቅር፤ ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸው እናቶች አሉ፣ ደፍሮ የሚናገራቸው ግን አልነበረም።

እሳት በተፈቀደበት ጊዜም አጠፋፉ ላይ እንሳሳታለን። አፈር አልብሶ መሄድ ማጥፋት አይደለም። አያቶቻችን ማታ ፍሙን የሚያዳፍኑት ጠዋት ቆስቁሰው ሊያነዱት ነበር፤ አፈር ማልበስም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱበት። በመጨረሻ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ፈትሹ። ካቃጠላችሁ ገና ነው።

ምግብን ድንኳን ውስጥ ማሳደር

ኮሎራዶ ውስጥ የሚታየው ጥቁር ድብ ነው፤ ስሙ ጥቁር ቢሆንም ቡናማም ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ይሸሻል። አፍንጫው ግን ለጉድ ነው፣ የእኛ ምግብ ደግሞ ከሩቅ ይጣራል። ከእራት የተረፈውን ክትፎ ሳህን በሳህን ገጥሞ ራስጌ ማሳደር ድብን በስም ጠርቶ እንደመጋበዝ ነው። ካምፑ የብረት ሣጥን ካለው እሱ ውስጥ፣ ከሌለው መኪና ውስጥ ይቀመጥ፤ መስኮቱ ይዘጋ፣ በሩ ይቆለፍ። ድብ የመኪና እጀታ መክፈት እንደሚችል የኮሎራዶ ሰው ሁሉ ያውቃል። የጥርስ ሳሙናና የሕፃን ብስኩትም ከምግብ ይቆጠራል። አጥንትና ፍርፋሪ ወደ ጫካ አትወርውሩ፤ ድቡ ባይመጣ ሽኮኮው ይመጣል፣ እሱም የዋዛ አይደለም፣ ቆሎ ካለበት ቦርሳ ይበሳል።

ውሃው ጸጥ ስላለ ማመን

ወደዚህ ግድብ ከሚገባው ውሃ ብዙው ከተራራው ማዶ ነው የሚመጣው። ከፍራይንግፓን ወንዝ አካባቢ የቀለጠ በረዶ፣ ተራራ ሰንጥቆ በተሠራ ዋሻ ውስጥ አልፎ ሐይቁ ውስጥ ይፈስሳል። ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ በኦገስት እኩለ ቀንም ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ዘሎ የገባ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ ክንዱ አልታዘዝ ይለዋል፤ ዋናተኛም ይሰምጣል። ሁለተኛ፣ የግድብ ውሃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዛሬ ደረቅ ሆኖ የምታዩት ዳርቻ በረዶው በሚቀልጥበት ሰሞን ሊሸፈን ይችላል፤ ሲወርድ ደግሞ እግር የሚውጥ ጭቃ ይተዋል። ልጆችን ለብቻቸው አትልቀቁ።

ጀልባም ሆነ የሚነፋ ታንኳ ላይ ላይፍ ጃኬት ይለበስ። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የኮሎራዶ ሕግ ራሱ ያስገድዳል። ከ16 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጁላይና ኦገስት ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውልና ሰባት ስምንት ሰዓት ላይ ይጠቁራል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከውሃው ውጡና መኪና ውስጥ ግቡ፤ ድንኳን ከመብረቅ አያስጥልም። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ማውንት ኤልበርትን ልወጣ ያለ ሰው በጨለማ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ከጫፉ መውረድ አለበት።

ቀና ብሎ ሳያዩ ድንኳን መትከል

ኮሎራዶ ውስጥ ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ጥንዚዛ እየገባበት የደረቀው ጥድ ብዙ ነው። ቆሞ የሞተ ዛፍ በነፋስ ይወድቃል፣ ቅርንጫፍም ይጥላል። ጥላ አገኘሁ ብላችሁ ከመትከላችሁ በፊት ወደ ላይ ተመልከቱ፤ ቅጠሉ ቀልቶ ወይም ረግፎ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ማገዶም ከኦሮራ ጭናችሁ አትሂዱ፣ ተባዩ የሚዛመተው አንዱ በዚያ መንገድ ነው። ሌድቪል ውስጥ ይሸጣል።

አንድ ቦታ ይዞ አምስት ቤተሰብ ማምጣት

ካምፖቹ የሚከፈቱት በአብዛኛው ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ብዙዎቹ ቦታዎች በሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ድረ ገጽ እስከ ስድስት ወር አስቀድመው ይያዛሉ፤ ሐሙስ ማታ ለዓርብ የሚፈልግ ሰው ዕድሉን ነው የሚሞክረው። አንድ ቦታ ብዙውን ጊዜ ለ8 ሰው ነው። የእኛ ሰው ደግሞ «ብቅ እላለሁ» ብሎ ከነቤተሰቡ ይመጣል። ብዙ ከሆናችሁ ፕሪንተር ቦይ የሚባለውን የቡድን ካምፕ ያዙ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው፤ የመኪና ስፒከር ከፍቶ እስክስታ መምታት ጎረቤት ድንኳን ያስመርራል።

እሑድ ቀትር ላይ ወደ ቤት መነሣት

በሀይዌይ 91 ወርዳችሁ አይ-70 ስትገቡ ከተራራ የሚመለሰው ሁሉ እዚያው ይጠብቃችኋል። አይዘንሃወር ቶነል ጋ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀን የሄደ ይመስላል፤ ልጆቹ መኪና ውስጥ ይበጣበጣሉ። ወይ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳኑን ጠቅልላችሁ ተነሡ፣ ወይ እራት በልታችሁ አመሻሹ ላይ ውረዱ። ሌላም አማራጭ አለ። በሀይዌይ 24 ወደ ቡዌና ቪስታ ወርዳችሁ በ285 በፌርፕሌይ በኩል ዴንቨር መግባት ይቻላል። መንገዱ ይረዝማል፣ እሱም እሑድ ከሰዓት ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሆንም፤ ግን ከመቆም መንዳት ይሻላል። ቤንዚኑን ሌድቪል ሙሉ።