የማይጠግብ የሚመስለውን ታዳጊ ስንመግብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ 13 ዓመት ሞልቶት ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ እራት በልተን ከተነሣን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ፍሪጁን ከፍቶ ቆሞ አገኘሁት። በአንድ እጁ በሩን ይዞ በሌላው የቀዘቀዘ ሩዝ ከድስቱ በማንኪያ እየዛቀ ይጎርሳል። «አሁን አይደለም እንዴ የበላኸው? ምን ዓይነት ሆድ ነው!» አልኩት። ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ትቶ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ክፍሉ ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ሳነሣ የደረቀ የዳቦ ቅርፊትና የተጨማደደ የብስኩት መጠቅለያ አገኘሁ። ልጄ በገዛ ቤቱ ተደብቆ መብላት ጀምሮ ነበር። እንዲደበቅ ያደረግሁት እኔ መሆኔን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ፤ ሌሎች ወላጆች ሳይሠሯቸው ቢቀሩ ደስ ይለኛል።

ረሃቡን እንደ ጥፋት መቁጠር

ሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ከዚህ ስለሚወለዱ ረዘም አድርጌ እጀምርበታለሁ። በጉርምስና ወቅት ሰውነት ከጨቅላነት ዘመን ወዲህ አይቶት በማያውቀው ፍጥነት ያድጋል። ይህ እድገት በሴቶች ልጆች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በ11 እና በ12 ዓመት አካባቢ፣ በወንዶች ዘንድ ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ በ13 እና በ14 ዓመት አካባቢ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ይደርሳል፤ በዚያ ጊዜ አንድ ወንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊረዝም ይችላል። አጥንቱ ሲረዝም፣ ጡንቻው ሲዳብር፣ የደሙ መጠን ሲጨምር፣ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ነገር የሚመጣው ከሚበላው ምግብ ነው።

እኛ አዋቂዎች ግን የልጁን ምግብ የምንለካው በራሳችን ሳህን ነው። አብዛኛውን ቀን ተቀምጣ የምትሠራ አዋቂ ሴት በቀን 1,800 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሊበቃት ሲችል፣ ኳስ የሚጫወትና በእግሩ የሚመላለስ የ15 ዓመት ልጅ 3,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ እናት «የእኔን እጥፍ በላ» ብላ ስትደነግጥ ልጁ የበላው ምናልባት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ «ሆዳም» የሚል ቃል በቀልድም ቢሆን ሲጨመርበት፣ ልጁ መራብ እንደሚያሳፍር ይማራል፤ ረሃቡ ስለማይቀንስም መብላቱን ሳይሆን መታየቱን ይተዋል።

እኔ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ የደረስኩበት አቋም አለ። በቤት ውስጥ ምን ዓይነት ምግብ እንደሚገኝ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን የልጁ ሆድ ይወስን። ይህን ድርሻ ከለየሁ በኋላ የድስቱን ጉድለት መቁጠር ትቼ ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማሰብ ጀመርኩ።

ሆድን በሚያታልል ምግብ መመለስ

የተራበ ልጅ ሲጨቀጭቅ በእጅ ያለውን መስጠት ይቀናል። ብስኩት፣ ማርማላታ የተቀባ ነጭ ዳቦ፣ ቺፕስ እና ለስላሳ መጠጥ ለጊዜው አፉን ይይዛሉ፤ ብዙ ሳይቆይ ግን «እማዬ፣ የሚበላ ነገር የለም?» የሚለው ድምፅ ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በተፈተገ ዱቄትና በስኳር የተሠራ ምግብ ቶሎ ተፈጭቶ ወደ ደም ስለሚገባ የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያም ስኳሩ ሲወርድ ረሃቡ ተመልሶ ይመጣል። ፕሮቲን፣ አሰርና መጠነኛ ቅባት ያለው ምግብ ግን ከጨጓራ የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ሆድ ይይዛል።

ለዚህ ዳቦን መከልከል አያስፈልግም፤ ዳቦው ብቻውን እንዳይበላ ማድረግ ይበቃል። ዳቦው ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ይቀባ ወይም እንቁላል ይጨመርበት፤ ሩዙ ከምስር ጋር፣ ድንቹ ከአይብ ጋር፣ ሙዙ ከእርጎ ጋር ይቅረብ። ዋጋቸው የማይከብድና ሆድ የሚይዙ ምግቦችን የሚፈልግ ቤተሰብ ከጥራጥሬ የተሻለ አያገኝም፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ፕሮቲንንም አሰርንም አንድ ላይ ይሰጣሉ፤ በብዛት ተቀቅለው በየጊዜው በተለያየ መልክ ሊቀርቡም ይችላሉ።

ለስላሳ መጠጥን ግን ለብቻው ላንሣው። በአንድ 330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። ፈሳሽ በመሆኑም የዚያን ያህል ምግብ እንደተበላ ለሆድ አይታወቀውም። ለጥም ውኃ፣ ለረሃብ ምግብ ማቅረብ ይሻላል።

ሊበላ የተዘጋጀ ነገር አለማስቀመጥ

ደረቅ ባቄላና ጥሬ ድንች ጓዳ ውስጥ ሞልቶ ልጁ «የሚበላ የለም» ሲል እንቆጣለን። ለእኛ ያ ምግብ ነው፤ ከትምህርት ቤት በረሃብ ተንቆራጥጦ ለገባ ልጅ ግን አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ስለዚህ እጁ የሚያርፈው ብስኩቱ ላይ ነው። በእኛ ቤት ትልቁን ለውጥ ያመጣው በፍሪጁ ውስጥ በልጁ ዓይን ትክክል ያለውን መደርደሪያ ለእሱ መልቀቃችን ነው። እዚያ ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል፣ ክዳን ያለው ዕቃ ሙሉ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንችና አንድ ማሰሮ እርጎ አይጠፋም። እንቁላሎቹ ላይ የተቀቀሉበትን ቀን በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ከነቅርፊታቸው በፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ስለሚቆዩ የትኛው ቀድሞ መበላት እንዳለበት ልጁ ራሱ አይቶ ያውቃል። ሌላው የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ፍሪጅ መግባትና በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ሩዝ በተለይ ውጭ ማደር የለበትም፤ በማሞቅ የማይጠፋ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላልና።

የቁርስን ሰዓት ከራሳችን ሆድ ጋር ማስተካከል

ብዙ ታዳጊዎች ጠዋት ምንም አይበሉም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ያገኙትን ሁሉ ይጠርጋሉ። ይህን ስንፍና ብሎ መቁጠር አይገባም። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ልጁ አምሽቶ ይተኛል፤ ለትምህርት ሲቀሰቀስም ሆዱ ገና አልነቃም። ቁርስ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲበላ ከመታገል ይልቅ ወተት፣ ሙዝና አጃ አንድ ላይ ተፈጭቶ በብርጭቆ ቢሰጠው፣ ወይም እንቁላል የገባበት ዳቦ ተጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ቢገባለት በመጀመሪያው የዕረፍት ሰዓት ይበላዋል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚበላውንም እንደ መክሰስ ሳይሆን እንደ አራተኛ ማዕድ አስቦ ማዘጋጀት ይሻላል፤ የቀኑ ትልቁ ረሃብ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ሴት ልጅን መዘንጋት

ወንዱ ልጅ ሲበላ «እያደገ ነው» ይባላል፤ ሴቷ ስትደግም ግን «ሰውነትሽን ጠብቂ» ትባላለች። ይህን በገዛ ጆሮዬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር አልችልም፤ በሰማሁት ቁጥርም ያመኛል። የሴት ልጅ ፈጣን እድገት የሚጀምረው ቀድሞ ስለሆነ የምትራበውም ቀድማ ነው፤ የወር አበባ ሲጀምራት ደግሞ ከደም ጋር የሚወጣውን የብረት ማዕድን መተካት ይኖርባታል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 15 ሚሊ ግራም ብረት እንድታገኝ ሲመከር ለወንዱ የሚመከረው 11 ነው። ስለዚህ በገበታ ላይ ሥጋው ሲከፋፈል ለወንዱ ማድላት፣ የበለጠ የሚያስፈልጋትን ማስራብ ነው።

ብረት ከሥጋ በቀላሉ ይገኛል፤ በምስር፣ በባቄላና በአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ውስጥም አለ፤ ከእነዚህ የሚገኘውን ግን ሰውነት የሚወስደው በጥቂቱ ነው። ሎሚ ቢጨመቅበት፣ ቲማቲም ወይም ብርቱካን አብሮ ቢበላ የሚወሰደው መጠን ይጨምራል፤ ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ይቀንሱታል፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ ይመረጣል። ቶሎ የምትደክም፣ ፊቷ የገረጣና ደረጃ ስትወጣ የሚያለከልካት ልጅ ካለች የደም ማነስ ምርመራ ሊደረግላት ይገባል።

ካልሲየምም ለወንዱም ለሴቷም የሚፈለገው በዚህ ዕድሜ ነው። ከ9 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ይመከራል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። ወተት የማይስማማው ልጅ እርጎና አይብን ይሞክር፤ ከነአጥንቱ የሚበላ የቆርቆሮ ሰርዲንም ጥሩ ምንጭ ነው።

ውፍረቱን እያዩ መቀነስ

ብዙ ልጆች ከመርዘማቸው በፊት ጥቂት ሞላ ይላሉ፤ ወላጅ በዚህ ተደናግጦ ምግብ ሲቀንስ ሰውነቱ ለእድገት ያከማቸውን ያሳጣዋል። ስለ ልጁ ሆድ፣ ዳሌ ወይም ጉንጭ በማዕድ ላይ አስተያየት መስጠት ከዚህም ይብሳል፤ የአመጋገብ መታወክ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ ዕድሜ ነውና። ክብደቱ በእርግጥ የሚያሳስብ ከሆነ ቁመቱን፣ ክብደቱንና ዕድሜውን አንድ ላይ አይቶ የሚፈርደው የጤና ባለሙያ ነው።

በቆርቆሮ የሚሸጥ ፕሮቲን መግዛት

ጡንቻ የማውጣት ምኞት ያደረበት ልጅ የፕሮቲን ዱቄት እንዲገዛለት ይለምናል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ላለ ወንድ ልጅ በቀን የሚመከረው ፕሮቲን 52 ግራም ያህል ነው። ሁለት እንቁላል 12፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት 16፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ይሰጣሉ፤ ድምሩ 46 ሲሆን የቀረውን ዳቦውና ሩዙ ይሞሉታል። ይህን ስሌት ከልጄ ጋር ወረቀት ላይ ጽፈን ደመርነው፤ ከዚያ ወዲህ ዱቄቱን አንሥቶ አያውቅም። ካፌይን ያለባቸው ሃይል ሰጪ መጠጦችም በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ አይመከሩም። እንቅልፍ ይነሣሉ፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ማግኘት የሚገባው ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ ደግሞ የረሃብን ስሜት የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፤ ጥጋብን የሚያሳውቀው ይቀንሳል፤ በማግሥቱ የሚያምረውም ጣፋጭ ነገር ይሆናል።

ማድቤቱን ለራስ ብቻ መያዝ

በቀን አምስት ጊዜ የሚራብን ልጅ አንድ ሰው ብቻ አብስሎ አይዘልቀውም። የ13 ዓመት ልጅ እንቁላል መጥበስ፣ ሩዝ መቀቀል፣ የተረፈውን ምግብ እንፋሎቱ ከመሐሉ እስኪወጣ ማሞቅ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ዘይቱ ይፈሳል፣ ሩዙ ይያዛል፤ ይህን ታግሦ ማለፍ ግድ ነው።

ረሃብን ሁሉ እድገት ነው ብሎ ማለፍ

ይህን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ብዙ ጊዜ የማያጋጥም በመሆኑ ነው፤ ሲያጋጥም ግን ጊዜ አይሰጥም። እየበላ የሚከሳ፣ ውኃ የማይበቃው፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሣ ልጅ የስኳር በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል በዚያው ቀን የደም ስኳሩ መለካት አለበት፤ ትውከት፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ወይም የፍራፍሬ ዓይነት የትንፋሽ ሽታ ከተጨመረበት ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል። ልቡ በፍጥነት የሚመታ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና ያለ ምክንያት የሚያልበው ከሆነ ደግሞ አንገቱ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ይመርመር። ከምግብ በኋላ ሁልጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብታ የምትዘጋ፣ ወይም ትበላ የነበረችውን በድንገት የተወች ልጅም በዝምታ መታለፍ የለባትም።

እኔ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ የልጄን ቁመት በክፍሉ በር መቃን ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ፤ ክብደቱን ደግሞ ካልጠየቀኝ በቀር ሳላነብለት ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። መስመሩ ሽቅብ እየሄደ ክብደቱም እየተከተለው ሳለ ድስቱ ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ለነገ ትልቁን ድስት አወጣለሁ፤ ክብደቱ መውረድ ከጀመረ ግን ደብተሩን ይዤ ወደ ሐኪም እሄዳለሁ።