ባሌ መውጣት፣ አርባ ምንጭ መውረድ፦ የቤተሰብ ጉዞ የት ላይ ይበላሻል? መፍትሄውስ?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሌ መውጣት ወይም አርባ ምንጭ መውረድ ለአንድ ወጣት ቀላል ነው፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። አያት፣ ጎረምሳና የአራት ዓመት ልጅ በአንድ መኪና ሲሳፈሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለጎረምሳው ታስቦ የወጣ ዕቅድ አያትን ያደክማል፤ ለአያት የታሰበው ደግሞ ጎረምሳውን ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያውለዋል። በማስጎብኘት ሥራ ላይ ሆኜ ደጋግሜ የማየው፣ ጉዞ በአብዛኛው የሚበላሸው መኪናው ሳይነሳ፣ ቀንና መስመር ሲመረጥ ነው። ስለዚህ ችግሮቹን ከቤት እስከ ቤት በቅደም ተከተላቸው አስቀምጫለሁ።

ምልክት፦ የሄድንበት ሁሉ ዝናብና ጭጋግ ሆነብን

ምክንያቱ የትምህርት ቤት ካላንደር ነው። ልጆች የሚያርፉት በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወገኖቻችንም የሚመጡት በዚሁ ወቅት ነው። ሁሉም ታዲያ ስሙን የሰማውን ደጋ ይመርጣል፤ ሲሜን፣ ባሌ፣ ወንጪ። ሲሜን ላይ በሐምሌ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ከፊቱ ነጭ ጭጋግ ብቻ ያየ ልጅ፣ «ይህን ለማየት ነው የመጣነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መፍትሄው አገሩን እንደ ወቅቱ መምረጥ ነው። የደቡቡ ዝናብ ከደጋው ይለያል። አርባ ምንጭና ኮንሶ አካባቢ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመጣል። በመካከል ያሉት ሐምሌና ነሐሴ ቀለል ያሉ ናቸው። ስለዚህ የክረምቱን ረጅም ዕረፍት ለዚያ ስጡት፦ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ የአዞ ገበያን፣ ማለትም አዞዎቹ ዳር ወጥተው የሚሰበሰቡበትን ቦታ ማየት፣ ዶርዜ ወጥቶ ሽመናውንና የቆጮ አሠራሩን መመልከት፣ ከዚያ ኮንሶ ወርዶ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበውን እርከን መጎብኘት። አርባ ምንጭ ቆላ ብትሆንም ዶርዜ ብርድ አለ፤ ለልጆች ሹራብ ይያዝ።

ባሌንና ሲሜንን ለጥር አቆዩአቸው። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ በጥር የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አጭር ቢሆንም ለአንዱ ይበቃል። ሲሜን የሚሄድ ሰው በጎንደር ስለሚያልፍ ጥምቀትን ያስብ። በዚያ ሰሞን ጎንደር፣ በገና ደግሞ ላሊበላ አልጋ ይጠፋል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ወይ ከወራት በፊት ይያዛል፣ ወይ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይኬዳል። ባሌ ይህ ግርግር የለበትም፤ እኔ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች በጥር የማስቀድመው እሱን ነው።

ምልክት፦ ዕረፍቱ መኪና ውስጥ አለቀ

አምስት ቀን ያላቸው ሰዎች ላንጋኖን፣ ሐዋሳን፣ አርባ ምንጭን፣ ጂንካንና ባሌን በአንድ ወረቀት ጽፈው ይመጣሉ። ካርታ ላይ ሁሉም ደቡብ ነው፣ ቅርብ ይመስላል። ስህተቱ መንገድን በኪሎ ሜትር መለካት ነው። በእኛ መንገድ ላይ ከብት አለ፣ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ አስፋልቱ ራሱ ገበያ ይሆናል። ልጅ ያለበት መኪና በዚያ ላይ በየሰዓቱ ይቆማል።

በሰዓት ለኩት። ልጅና አዛውንት ካሉ በቀን ከአምስት ወይም ከስድስት ሰዓት በላይ መንገድ አይታቀድ፤ ዋናው ቦታ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይታደር። ለባሌ የምመክረው ስድስት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ላንጋኖ ማደር። በማግስቱ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል የባሌ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ መግባት። ሦስተኛው ቀን ሙሉውን እዚያው ዲንሾ ይዋላል፣ አራተኛው ቀይ ቀበሮ ለሚኖርበት ለከፍተኛው የሳነቴ አምባ ይሰጣል። በአምስተኛው ወደ ሐዋሳ ተመልሶ ዓሣ መብላት፣ በስድስተኛው ቤት መግባት። ከዚህ ያነሰ ቀን ያለው ሰው እስከ ባሌ ሮቤ ወይም እስከ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ሄዶ እዚያ መኪና ቢከራይ ይሻለዋል።

ከመሸ በኋላ አይነዳ። መብራት የሌለው ጋሪና መንገድ ላይ የተኛ ከብት የሚገጥመው ያኔ ነው። የመንገዱን ደኅንነት ደግሞ በወሬ ሳይሆን ትናንት በዚያ መስመር ያለፈን ሹፌር፣ እንዲሁም የምታድሩበትን ሆቴል ደውላችሁ አጣሩ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ አንድ ቀን መቆየት ይሻላል። ነዳጅ ስትቀዱም ቀጣዩ ከተማ ላይ አገኛለሁ አትበሉ። የፓርክ መግቢያ፣ የመሪ፣ የፈረስና የጀልባ ክፍያ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያዋጣው ጥሬ ገንዘብ ነው።

ምልክት፦ አውሮፕላኑ አመለጠን

ቲኬቱ ላይ 07:00 ይላል፤ አያት «ሰባት ሰዓት» ብለው ያነባሉ፣ ከውጭ የመጣው ልጅ ደግሞ ለአገሩ ሹፌር «በሰባት ና» ይላል። ሹፌሩ ከምሳ በኋላ ይደርሳል። ቲኬት ሁልጊዜ በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። ለቤተሰቡ በሙሉ አንድ መልእክት ይላክ፤ «ጥር 14፣ ጠዋት 1 ሰዓት በረራ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከቤት እንነሳለን» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ።

ምልክት፦ ልጁ መኪና ላይ ያስመልሰዋል

ጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «እየሄድን ነው» ይላል፣ ዓይኑ ግን ወንበር ወይም ስልክ ላይ ተተክሎ ምንም እንቅስቃሴ አያይም። አእምሮ በዚህ ግራ ሲጋባ ሆድ ይናወጣል። በብዛት የሚያመው ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉትን ነው። ስልክ ስጡትና ዝም ይበል የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው።

ስልኩን ተቀበሉት። የመኪናው መካከል ላይ፣ በፊት መስታወት አሻግሮ ሩቅ ማየት የሚችልበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። የመኪና መቀመጫ የሚያስፈልገው ልጅ ከመቀመጫው አይነሳ። መስኮቱ ትንሽ ይከፈት። ከመነሳቱ በፊት ቅባት የበዛበት ነገር አይብላ፤ ባዶ ሆዱንም አይሁን፣ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ ይበቃዋል። ሎሚ ማሽተት የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ብዙ ልጆችንም ያረጋጋል። መድኃኒት ካስፈለገ በዕድሜውና በክብደቱ ልክ ፋርማሲስት ይንገራችሁ፣ የሚሰጠውም ከመነሳት በፊት ነው። ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የተሰጠ ክኒን አብሮ ይወጣል።

ምልክት፦ ሳነቴ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት

ይህኛውን በደንብ አንብቡት። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪናው ከጎባ ተነስቶ የአስታውን ደን ሰንጥቆ ሲወጣ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን የሚለማመደው በቀናት እንጂ በሰዓት አይደለም።

ቤተሰቡን ግራ የሚያጋባው የአክስት ልጆቹ ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ያደገው ልጅ በ2,300 ሜትር ላይ የኖረ ስለሆነ ሳነቴ ላይ ይሮጣል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በዚያው ሳምንት የመጣው እኩያው ግን ጥግ ይዞ ራሱን ይዟል። «ፈረንጅ ሆነሃል» እያሉ መቀለድ አይገባም፤ ልጁ እውነት ታሟል። መናገር የማይችል ሕፃን ደግሞ የሚያሳየው ያለምክንያት መነጫነጭና ጡጦ ወይም ምግብ እምቢ ማለት ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ከውጭ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ሌሊት ይደር፣ ከዚያ ዲንሾ ሁለት ሌሊት፣ ሳነቴ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ዲንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ መጠነኛ ራስ ምታት እዚያም ሊጀምር ይችላል፤ ሳይለቅ ወደ ላይ አይወጣም። ሳነቴ የቀን ጉዞ ይሁን፣ መኝታው ታች ይሁን። ውኃ ይጠጣ፣ መጀመሪያው ቀን ላይ ሩጫና ዳገት ይቅር። ልብ ወይም ሳንባ የሚያማቸው አዛውንትና ነፍሰ ጡር ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ሕመሙ ከጀመረ መድኃኒቱ መውረድ ነው። የራስ ምታት ክኒን ውጦ ሽቅብ መቀጠል ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም። አንድ ሰው እንደሰከረ ከተንገዳገደ፣ የሚናገረው ከተምታታበት ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ቀበሮ ታየ አልታየ ሳይባል መኪናው ወዲያው ወደ ጎባ ይመለስ፤ ሆስፒታል ያለው እዚያ ነው።

ምልክት፦ «ምንም እንስሳ አላየንም»

ሰዎች ሳነቴን በመኪና ተሻግረው ሐረና ጫካ ይገቡና ተመልሰው ይወጣሉ፤ ቀይ ቀበሮ ግን ከመስኮት አልታየችም። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ቀይ ቀበሮዎች በመንጋ ቢኖሩም ለአደን የሚወጡት ለየብቻ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ይኖራል።

ቀበሮዋን አትፈልጉ፤ ፍልፈሉን ፈልጉ። የባሌ ግዙፍ ፍልፈል የሚበዛበት ሜዳ ላይ መኪናውን አቁማችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ። መጀመሪያ ከጉድጓዱ ወፍራም ጭንቅላት ብቅ ይላል። ዙሪያውን ቃኝቶ ወገቡ ድረስ ይወጣል፣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለውን ሣር በአፉ ሙልት አድርጎ ወደ ኋላው ይገባል። ልጆች ይህን ካዩ በኋላ ከመኪናው ንቅንቅ አይሉም። ቀበሮዋ የመጣች እንደሆነ ሆዷን መሬት አስነክታ፣ ጆሮዋን ወደ ፊት ቀስራ፣ አንድ እግር አንስታ ስትቆም ታያላችሁ። አቅርቦ ማያ መነጽር ለልጆቹ ራሱን የቻለ አንድ ይሁን፤ ከአባት ጋር ሲጋፉ ያመልጣቸዋል። ምግብ አትወርውሩ፣ ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ቀበሮዎቹን እየፈጀ ያስቸገረው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ትዕግሥት ላነሰው ትንሽ ልጅ ዲንሾ ይሻላል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ በእግር ጥቂት ተሂዶ በቅርብ ይታያሉ።

ምልክት፦ ግማሹ መራመድ ይፈልጋል፣ ግማሹ መቀመጥ

ሁሉም አብሮ መዋል አለበት ብለን ስለምናስብ ሁሉም ይከፋል። ተለያይታችሁ ዋሉ፣ አብራችሁ እራት ብሉ። ከዲንሾ ወጣቶቹ ከመሪ ጋር ወደ ወብ ሸለቆ በጠዋት ይውጡ። እማማ ልባቸው ከፈቀደ ፈረስ ተይዞላቸው ትንሽ ይዙሩ፤ ካልፈለጉም ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ያፍሉ። አርባ ምንጭ ላይም እንዲሁ፤ ወጣቱ ዶርዜ ተራራ ሲወጣ አዛውንቱ ዓባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይን ቁልቁል እያዩ ይዋሉ።

እሑድ ጠዋት መንገድ አይጀመር፤ ቅዳሴ የሚያስቀድም ይኖራል። ዓርብም ጁምዓ የሚሰግድ ካለ ሰዓቱ ቀድሞ ይታሰብ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዓቢይ ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ለሆቴሉ ከማታው ይነገር፣ ለመንገድም በሶና ዳቦ ቆሎ ይያዝ።

ምልክት፦ ሐይቅ ዳር ደርሰን ልጆቹን ውኃ ማስገባት ፈራን

ፍርሃቱ ልክ የሚሆነው እንደ ሐይቁ ነው። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ስለሆነ የቆሸሸ ይመስላል፤ ቀለሙ የደለሉ ነው፣ ለረጅም ዘመን የሚዋኝበትም ሐይቅ እሱ ነው። ሐዋሳና ዝዋይ (ባቱ) ሐይቅ ግን ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ ዳር ዳር ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ ይገባል፣ ስለዚህ ቁርጭምጭሚት ድረስም መግባት ይቅር። ጫሞና ዓባያ የአዞ ናቸው፤ ልጅ እጁን ከጀልባ እንዳያወጣ፣ ከዳርም እንዳይጠጋ። ጀልባ ላይ የልጅ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ።

ምልክት፦ ቤት ከተመለስን በኋላ ትኩሳት መጣ

ጉንፋን ነው ተብሎ ሻይ በዝንጅብል ይፈላል። አርባ ምንጭ፣ ሐዋሳ ወይም ሌላ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ አድራችሁ ከነበረ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ወባ ነው። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ወባ ይበረታል። ምልክቱ የሚመጣው ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ፣ አንዳንዱ ከወራት በኋላ ስለሆነ ሰው ጉዞውን ረስቶታል።

እዚያ ሳላችሁ ከጀምበር መጥለቅ ጀምሮ ረጅም እጅጌ ይለበስ፣ በአጎበር ይታደር፤ አልጋ ስትይዙ አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው በእጃችሁ ዘርግታችሁ እዩ። ከውጭ የመጣችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ጠይቁ። ትኩሳቱ ከመጣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ይደረግ። ምርመራው ሚኒሶታ ወይም ቴል አቪቭ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ስለ ወባ ላያስብ ይችላልና፣ ሳይጠይቃችሁ የነበራችሁበትን አገርና ያደራችሁባቸውን ቀናት ንገሩት።