ጅማ ላይ የሠርግ ፎቶ ስታነሱ ሙሽሮቹን እንዴት ታፍታታላችሁ?

ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ሙሽሮቹን አንድ ላይ አግኟቸው። ሙሽራው ብቻውን መጥቶ ዋጋ ተነጋግሮ ከሄደ ገና ግማሹን ነው የሰማችሁት። ቡና እየጠጣችሁ ጠይቁ። ኒካህ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን? የመልስ ድግስ አለ? ሴቶቹ ለብቻቸው የሚቀመጡ ከሆነ ማን ገብቶ ያንሳ? ጅማ ላይ ይህን ጥያቄ አትዝለሉት። ሴት ፎቶ አንሺ የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ቀድማችሁ ካላወቃችሁ በር ላይ ትቀራላችሁ።

ከዚያ የግድ መነሳት ያለባቸውን ሰዎች ስም ጻፉ። አንድ ጊዜ የሙሽሪትን አያት ሳላነሳ ቀረሁ። ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማንም አላሳየኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሙሽሪት አልበሙን ገልጣ ስትጨርስ «እማማስ?» አለችኝ። ዛሬም ያመኛል።

ለቦታ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደስ ይላል። የእንጨት ሰገነቱ ጥላ ስላለው ቀትር ላይም ማንሳት ይቻላል። ፈቃዱን ግን ቀድማችሁ ጨርሱ። ሜዳ ላይ ከሆነ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ አድርጉት። ጅማ ዝናብ አታጣም፤ በበጋም ጃንጥላ ያዙ። ነጭ ይሁን፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ ፊታቸው ላይ ያርፋል።

ዋናው ሥራ ማፍታታቱ ነው። ቤተሰብ ፊት ተቃቅፈው የማያውቁ ሁለት ሰዎችን «ሳማት!» ብትሏቸው ይደርቃሉ። የሚሠሩት ነገር ስጧቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀስ እያሉ ወደ እናንተ ይምጡ። ከረባቱን ታስተካክልለት። መጀመሪያ ያያት ቀን ምን እንዳሰበ በጆሮዋ ይንገራት። ሳቁ ያኔ ይመጣል፤ ጣታችሁ ሹተሩ ላይ ይቆይ። ሚዜዎቹን ለአሥር ደቂቃ ራቅ አድርጓቸው። እነሱ እያዩ ማንም አይፍታታም።

ካሜራ በነጭ ቬሎ ይታለልና ፊታቸውን ያጨልመዋል። ስለዚህ ብርሃኑን ፊታቸው ላይ ለኩ፣ በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳይጨምቅና ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱ። ሲራመዱ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ አይውረድ።

ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቁ። አንዱ እሺ ሲል ሌላው ሊያፍር ወይም ሊፈራ ይችላል። አንዳቸው እንኳ «ይቅር» ካሉ አትለጥፉ፤ ምክንያቱንም አትጠይቁ።