የድሮ ሙስታንግ ፍሬን፣ ሞላና ጎማ እንዴት እንደሚሻሻል

እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1966 የተሠሩት ባለ ቪ8 (ባለ 8 ሲሊንደር) ፎርድ ሙስታንጎች ሞተራቸው ጉልበተኛ ነው። ፍሬናቸው ግን አይመጥነውም። አብዛኞቹ ከፋብሪካ የወጡት በአራቱም እግር የታምቡር ፍሬን (ሸራው ከውስጥ ሆኖ ታምቡሩን የሚገፋበት) ይዘው ነው። ሰው ግን ቀድሞ የሚገዛው የሚያምር ቸርኬ ነው። እኔ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ሞላ፣ መጨረሻ ላይ ቸርኬና ጎማ እላለሁ። የቸርኬውን መጠን የሚወስነው ፍሬኑ ነውና። የፋብሪካው ቸርኬ በአብዛኛው 14 ኢንች ነው፤ ብዙዎቹ ትልልቅ የዲስክ ፍሬኖች (ሸራው ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨምቅባቸው) ደግሞ ቢያንስ 15 ይፈልጋሉ።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የቸርኬውን ቡሎኖች ቁጠሩ። ቪ8 ከሆነ 5፣ ባለ 6 ሲሊንደር ከሆነ 4 ነው። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም።

መኪናውን በክሪክ አንሱና በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ።

የፊቱን ታምቡር አውጥቶ ዲስክ መግጠም ብዙ አያስቸግርም። ከባዱ ማስተር ሲሊንደሩ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ አራቱም እግር የሚገፋው ዕቃ ማለት ነው። የእነዚህ ዓመታት ሙስታንግ ማስተር ሲሊንደር አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። አንድ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ፍሬን ይጠፋል። ፎርድ ራሱ በ1967 ሞዴል ወደ ሁለት ክፍል ቀይሮታል። ስለዚህ አሮጌውን አውጡና ለፊት ዲስክ፣ ለኋላ ታምቡር የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ግጠሙ። "የድሮውም ይሠራል" የሚላችሁን አትስሙ። ለታምቡር የተሠራው በውስጡ ትንሽ ግፊት ይዞ የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ያ ግፊት ዲስክ ላይ ሲደርስ ሸራው አይለቅም፤ እየተፋተገ ይግላል።

ሌላም አለ። የታምቡር ሸራ ጎማው ሲዞር ራሱን በራሱ እያጠበቀ ስለሚይዝ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። ዲስክ ግን ብዙ ይፈልጋል። ያው ግፊት ወደ ኋላ ከሄደ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል፤ መኪናው ይሽከረከራል። በዝናብ ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ወደ ኋላ በሚሄደው ቱቦ ላይ ግፊት የሚቀንስ፣ በእጅ የሚስተካከል ቫልቭ ማስገባት ነው። ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ በዝግታ እየነዳችሁ አስተካክሉት። ሁልጊዜ ከኋላው ቀድሞ የፊቱ መቆለፍ አለበት።

አዲሱን ማስተር ሲሊንደር መኪናው ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ሞርሳ ላይ አስራችሁ አየሩን አስወጡ። ከዚያ ከሩቁ፣ ከቀኝ የኋላ እግር ጀምራችሁ የአራቱንም አየር አስወጡ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ እጠቡት።

ወደ ሞላው እንሂድ። የፊቱ ሞላ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ከሚያያይዙት ክንዶች ከላይኛው በላይ ነው የተቀመጠው፤ ታምቆ ያለ ኃይል አለው። ለዚህ መኪና የተሠራ ደህና የሞላ መጭመቂያ ከሌላችሁ ለባለሙያ ስጡት። እዚህ ላይ ርካሽ መሣሪያ መግዛት ሰው ይጎዳል። ክንዱ ከወጣ አይቀር፣ የሚታሰርበትን ቀዳዳ 1 ኢንች ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው። በ1965ቱ ሼልቢ ጂቲ350 (ለውድድር በተሻሻለው ሙስታንግ) ላይ የተሠራው ይኸው ነው። ወጪው የመሰርሰሪያና የመለኪያ ቅርጽ ብቻ ነው፤ በኩርባ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነው። ሾክ አብዞርበሩንም አብራችሁ ቀይሩ።

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ነገር ይኸውና፦ የክንዶቹንና የባሌስትራውን (የኋላውን ሞላ) ጎሚኒ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ላስቲክ፣ የሚይዙ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቶሎም ይቀደዳል።

ለቸርኬው፣ ከውስጠኛው ጠርዝ እስከ ማሰሪያው ፊት ያለውን ጥልቀት ለኩ። ማራቂያ ስፔሰር አልወድም፤ ልኩ የሆነ ቸርኬ ፈልጉ። 15 በ7 (ቁመቱ 15፣ ስፋቱ 7 ኢንች) ቸርኬ ላይ 215/60 ጎማ ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው። ያም ሆኖ መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ ፓራፋንጎ እንደማይነካ እዩ። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 23ኛ ሳምንት የተመረተ ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢሞላም አትግዙ።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል) ስታሠሩ የፋብሪካውን ቁጥር አትስጡ፤ ለድሮ ጎማ የወጣ ነው። ለዛሬው ራዲያል ጎማ ካምበሩ (ከፊት ሲታይ የጎማው ማዘንበል) ግማሽ ዲግሪ ያህል ኔጌቲቭ፣ ማለትም አናቱ ወደ ውስጥ፣ ካስተሩ (ከጎን ሲታይ ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ማዘንበል) ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ፖዘቲቭ፣ ማለትም አናቱ ወደ ኋላ፣ ይሁን። ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ እንደገና አጥብቁ።